የመምህር ገብረየስ ቄሣሮች

መምህር ገብረየስ የሞቱበት በረንዳ ሦስት ደረጃ ብቻ ነው ያለው። የጎረቤት ልጆች ዘለው ይወርዱታል። እሳቸው ግን ሐሙስ ጠዋት እዚያው ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው፣ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ ውስጥ፣ ሌላው ባዶውን ሆኖ ተገኙ።

ሳጅን ኤርሚያስ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነገሩን ጨርሶት ጠበቀኝ።

«ወድቀው ነው፣ ኢንስፔክተር። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው።»

«ደረጃ የሚወርድ ሰው በየት በኩል ነው የሚወድቀው?»

«በፊቱ።»

«እሳቸውስ?»

ሬሳውን እንደገና አየው። «በጀርባቸው።»

«ወደ ቤታቸው እያዩ ነው የወደቁት። ከፊታቸው ሰው ቆሞ ነበር።»

እንዲህ ዓይነት ነገር ስናገር ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ኮሌጅ ሳልገባ ከወረዳ ጥበቃ ተነስቼ እዚህ የደረስኩ ሰው ነኝና ደስ ሊለኝ ይገባል።

ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አንድ የእንጨት ሣጥን ተከፍቶ ተቀምጧል። በውስጡ ፋርማሲ ኪኒን የሚሰጡበት ዓይነት ትንንሽ የወረቀት ፖስታ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር፣ የአንድ የሮማ ቄሣር ስምና የነገሠበት ዘመን በጥሩ የመምህር ጽሕፈት ተጽፏል። ጀርባው ላይ ክብደቱ በግራም አለ። አፉ በሙጫ ታሽጎ እጥፋቱ ላይ ተፈርሟል። ሁለቱ ብቻ ተቀደው፣ ኔሮና ሃድርያኖስ የተቀረጹባቸው ሁለት የብር ሳንቲሞች ጠረጴዛው ላይ ወጥተዋል። መምህሩ አርባ ዓመት ታሪክ ሲያስተምሩ የሮማን ሳንቲም ሲሰበስቡ እንደኖሩ ከተማው ያውቃል። ሰው አንዳንዱ ዶሮ ያረባል፤ እሳቸው ቄሣር ያረቡ ነበር።

ከሣጥኑ አጠገብ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አለ። አንዱ ተጠጥቷል፤ ሌላው ሙሉውን ቀዝቅዟል።

«ቁጥሩ እስከ አርባ ሦስት ይሄዳል፤ ያለው አርባ ሁለት ነው» አለ ኤርሚያስ። «ቁጥር አንድ የለችም።»

ቁጥር አንድ የተገኘችው ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ነው። ሬሳውን ያገኙት ወይዘሮ ወርቅነሽ ናቸው፤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የቤቱን ሥራ የሠሩ፣ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት። ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። ቦርሳቸውን አስከፈትኩ። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አንድ የታሸገ የኪኒን ፖስታ ተገኘ፦ «1፤ ጢባርዮስ ቄሣር፤ ከ7 እስከ 29»።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ጋሼ ናቸው የሰጡኝ።»

«መቼ?»

«ትላንት። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ። ‹ቤትሽ አስቀምጪልኝ፣ ለማንም አታሳዪ› አሉኝ።»

«ለምን?»

«ጋሼን ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።»

«ተነሺ» አልኳቸው። አንቺ ብዬ። የእናቴ ታላቅ ሊሆኑ የሚችሉትን ሴት በጎረቤት ሁሉ ፊት ፒክአፑ ኋላ ላይ አስጫንኳቸው። ከአጥሩ ማዶ የሆነ ሰው «ሌባ!» አለ። ዞሬ ማንነቱን እንኳን አላየሁም፤ በአሥራ አንድ ደቂቃ ሰው በመያዜ እየተደሰትኩ ነበር።

*

ጣቢያ ገብተን ቃል ስቀበል ወይዘሮ ወርቅነሽ ማልቀሳቸውን አቆሙ።

«ሁለት ብርጭቆ አየሽ?» አሉኝ።

«አየሁ።»

«እኔ ሁሉን አጥቤ፣ ደፍቼ ነው የወጣሁት። ታዲያ አንዱን ለማን ቀዱ?»

«ለአንቺ።»

«እኔ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አልጠጣሁም። ነውር ነው።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ለጥያቄዬ መልስ ሳይሆን ሌላ ጥያቄ ሲሰጡኝ አልወድም።

«ሌላ የምትጨምሪው አለ?»

«እሑድ የፍሬሕይወት ሠርግ ነው። ልጄ ናት። ቡሹሎ መንደር ነው የምትዳረው።» ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ ሳሙና የበላው እጅ። «እስሩን እችለዋለሁ። ግን የሌባ ልጅ ማንም አያገባም። ያንን እወቂው ብዬ ነው።»

የጊዜው ነገር እንዲህ ነበር፦ ቅዳሜ ጠዋት ፍርድ ቤት ማቅረብ አለብኝ። አቅርቤ የምርመራ ቀን ከጠየቅኩ እሑድ እስር ቤት ያነጋሉ።

*

የሟቹ የወንድም ልጅ ክብሩ እኩለ ቀን ላይ መጣ። ከራባት፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ደረቱ ላይ የሆቴል ስም ያለበት ምልክት። አስጎብኚ ነኝ አለ። እጁን ስጨብጠው የሎሚ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ የሚጨበጥ እጅ ሳይሆን የሚበላ ሰላጣ።

«ረቡዕ ከአሥር ሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ። ሆቴል። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት።»

«ቤቱን ማን ይወርሳል?»

«እኔ፣ ግን... እባክሽ፣ አጎቴ እኮ ናቸው!»

ገና ከበሩ ሳይወጣ ኤርሚያስ ሆቴሉ ደወለ። ክብሩ ከጥቅምት ጀምሮ እዚያ አይሠራም። ዛሬ ግንቦት ነው።

«ገዳያችን ተገኘ!» አለ ኤርሚያስ፣ ጠዋት «ወድቀው ነው» ያለው ሰው።

«ታዲያ ሳንቲሙ ወርቅነሽ ቦርሳ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ተባብረው።»

«ሁለት ሰው ተባብሮ ሰው ገድሎ፣ ከአርባ ሦስት ሳንቲም አንድ ይዞ ሄደ? ሌላውን ለማን ተወው? ለፖሊስ?»

ኤርሚያስ ጭንቅላቱን አከከ። እኔም የማከክ ያህል ሆኖብኝ ነበር፤ ግን አላሳየሁትም።

*

ሳንቲም የሚያውቅ ሰው አስፈለገኝ። ሁሉም የጠቆመኝ አንድ ሰው ነበር፤ ኤልናታን። ኢጣሊያ ተምሮ የመጣ የቅርስ አማካሪ ነው። ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል የሳንቲም ማሳያ አዳራሽ ሊከፍት አስቦ ቀጥሮታል። የመምህሩን ስብስብ እየመዘገበ ፎቶ ያነሳውም እሱ ነው። የሆቴሉ ቢሮ ከሐይቁ ፊት ለፊት ነው። ሣጥኑ በእኔ ማኅተም ታሽጎ ጣቢያ ስለቀረ የያዝኩት ማስታወሻ ብቻ ነበር።

«አዝናለሁ» አለ ኤልናታን። ጥሩ ድምፅ አለው፤ ድምፁን እሱም ይወደዋል። «የዋህ ሽማግሌ ነበሩ። ሳይንሱን ግን አያውቁትም። ሳንቲምን በኪኒን ፖስታ!»

«ሣጥኑን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ጥር ላይ። ፎቶውን ጨረስኩና ተለያየን። እያንዳንዱን ፖስታ ራሳቸው ይቀድዳሉ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ወዲያው በአዲስ ፖስታ አሽገው ይፈርማሉ። እኔን ዕቃ ሰራቂ አስመሰሉኝ እኮ።» ሳቀ። «ላስረዳሽ፣ ኢንስፔክተር። ዋጋ ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ደግሞ የጻፏቸው ዘመናት የተዘበራረቁ ናቸው። ስድስቱን ብቻ ነው በትክክል የጻፉት።»

«ስህተቱ ከምን መጣ?»

ጣቱን ግንባሩ ላይ አዙሮ አሳየኝ። «ዕድሜ። መርሳት ጀምረው ነበር። ሳንቲም ለቤት ሠራተኛ ቢሰጡም አይገርመኝም፤ ብትወስድባቸውም አያውቁም።»

«ረቡዕ አመሻሽ ላይስ አንተ?»

«እዚሁ። ዘበኛውን ጠይቂ፤ መኪናዬ ከግቢ አልወጣችም።»

ዘበኛውን ጠየቅኩት። «የኤልናታን መኪና ረቡዕ ከሰዓት ወጥታለች?» «ኧረ አልወጣችም፣ እኔው ነኝ ያጠብኳት» አለኝ። ተውኩት።

ቢሮዬ ተመልሼ ሣጥኑን ከፈትኩ፤ ስልኬን አወጣሁ፤ ቄሣሮቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ከጢባርዮስ ጀመርኩ። ስልኬ ከ14 እስከ 37 ይላል፤ መምህሩ ከ7 እስከ 29። ቆስጠንጢኖስ፣ ስልኬ ከ306፤ መምህሩ ከ298። አርባ ሦስቱንም ጨረስኩ። ሠላሳ ሰባቱ ስህተት። ስድስቱ ብቻ ትክክል፦ ኔሮ፣ ዌስፓስያኖስ፣ ትራያኖስ፣ ሃድርያኖስ፣ አንቶኒኖስ፣ ማርቆስ አውሬሊዮስ። የተማረው ሰው ያለው ሁሉ ልክ ሆነ።

ከዚህ የሚወጣው ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። አርባ ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው ቆስጠንጢኖስ መቼ እንደነገሠ አያውቅም?

*

ኮማንደር መክብብ አለቃዬ ናቸው። ያልገባቸውን ነገር አይወዱም፤ ስለዚህ ብዙ ነገር አይወዱም።

«ሴትዮዋ ዕቃው እጇ ላይ ተገኝቷል?»

«ተገኝቷል፣ ኮማንደር።»

«የያዝሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ለአንዷ ሳንቲም ብላ ከገደለች ሌላውን ለምን ተወችው? ደግሞ ሁለተኛው ብርጭቆ—»

«ሩሀማ፣ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት መዝገቡ ፍርድ ቤት እንዲደርስ። ብርጭቆ አይታሰርም።»

*

አርብ ገና ሳይነጋጋ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ነበርኩ። የሎሚው ሽታ ነው ያመጣኝ። ሆቴል የሚሠራ ሰው ሽቶ ይቀባል፤ እጁን በሎሚ የሚያሽ ዓሣ የነካ ሰው ነው። ከአባ ኮዳ ወፎቹ መሀል፣ እስከ ጉልበቱ የጎማ ቦት ጫማ አድርጎ፣ የቆሮሶ ዓሣ ሆድ እየቀደደ አገኘሁት። ክብሩ ሲያየኝ ቢላዋውን አስቀመጠና ዙሪያውን አየ፤ እንዳይታሰር ሳይሆን እንዳይታይ።

«ከራባቱስ?» አልኩት።

«በእናትሽ፣ ቀስ በይ።»

«ረቡዕ የት ነበርክ?»

«ሐይቁ ላይ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መረብ ልንጥል ወጣን፤ ሲመሽ ተመለስን። ከሥራ ከተቀነስኩ ሰባት ወር ሆነኝ። አጎቴ ‹አስጎብኚው ልጄ› እያሉ ለሰው ሁሉ... እንዴት ብዬ ልንገራቸው?»

የጀልባው ባለቤት ከሩቅ ሰምቶ ጮኸ፦ «ከእኔ ጋር ነበር፣ ፖሊሷ! መረብ አወሳስቦ የአንድ ሰዓት ሥራ አሠርቶኛል! ውሰጂልኝ ከፈለግሽ!»

ጎረቤት የመምህሩን ድምፅ መጨረሻ የሰማው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ክብሩ ያኔ ውኃ ላይ ነበር። ከራባቱን ለአጎቱ ክብር፣ ውሸቱን ለከራባቱ ክብር ነው ያደረገው። አልፈረድኩበትም፤ ክብር የማውቀው ነገር ነው።

«አጎትህ ረቡዕ ቀን የት ሄደው ነበር?»

«ግዛቸው ጋ ሳይሆን አይቀርም፤ ወርቅ ሠሪው። ሳንቲሞቹን የሚያስመዝኑት እሱ ጋ ነው። ‹ከግዛቸው ጋር ተጣልተው ነበር› ሲባል ሰማሁ።»

*

አቶ ግዛቸው በርበሬ የመሰለ ቁጣ ያላቸው አጭር ሰው ናቸው። ስለ ረቡዕ ገና ስጠይቃቸው ነው የጦፉት።

«አዎ ተጣልተናል! ‹ሚዛንህ ተበላሽቷል› ብለው ጮኹብኝ። እኔን! ሃያ ስድስት ዓመት የመዘንኩበትን ሚዛን!»

«ምን አምጥተው ነው?»

«ሁለት ሳንቲም። ኔሮ የሚባለውንና ያንን ጺማሙን።»

«ሃድርያኖስ።»

«እሱን። ፖስታው ላይ የእኔው ክብደት አለ፤ ሦስት ነጥብ አራት። ባለፈው የመዘንኩላቸው እኔ ነኝ። ረቡዕ ስመዝነው ሁለት ነጥብ ሦስት። ‹ጋሼ፣ ይሄ ብር አይደለም፣ የተቀባ ነው› አልኳቸው። ቁጭ አሉ። ውኃ ሰጠኋቸው። ከዚያ ይቅርታ ጠይቀውኝ ወጡ።»

«ምን አሉ?»

«‹ይህን ያደረገውን አውቄዋለሁ፤ ግን አስቀድሜ ራሱን እጠይቀዋለሁ› አሉ። ስም አልጠሩም።»

ኤርሚያስን ልኬ ሣጥኑን አስመጣሁ። አቶ ግዛቸው እስከ ምሳ ሰዓት፣ እያጉረመረሙ፣ አንድ በአንድ መዘኑት፤ ወይዘሮ ወርቅነሽ ቦርሳ ውስጥ የተገኘውን ጢባርዮስንም ጭምር። ሠላሳ ሰባቱ ልክ ናቸው። ስድስቱ ቀለው ተገኙ። ስማቸውን ጻፍኩ፦ ኔሮ፣ ዌስፓስያኖስ፣ ትራያኖስ፣ ሃድርያኖስ፣ አንቶኒኖስ፣ ማርቆስ አውሬሊዮስ።

የትላንቱን ዝርዝሬን አወጣሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ወንበር ጠየቅኩ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አቶ ግዛቸው።

«ዘመኑ በትክክል የተጻፈበት ፖስታ ሁሉ ውስጥ ያለው ሳንቲም ሐሰተኛ ነው። ዘመኑ የተሳሳተው ሁሉ ደግሞ እውነተኛ።»

«እና?»

«እና እኔ እንጃ።»

ይህን ቃል በሥራ ላይ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ኤርሚያስ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ ባለውለታዬ ነው።

*

አርብ ከሰዓት በኋላ ምንም ሳይገባኝ ማመልከቻዬን ይዤ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሄድኩ። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። መዝገብ ያዧ ወረቀቶቹን በመነጽራቸው ላይ አልፈው አይተው መልሰው ገፉልኝ።

«አልቀበልም።»

«ምን ጎደለ?»

«ያንቺ ማመልከቻ ሟቹ በ2018 ሞተ ይላል። የሐኪሙ ወረቀት 2026 ይላል። እንዲህ ሆኖ ዳኛው ፊት ቢቀርብ ሰውዬው ገና ከስምንት ዓመት በኋላ ነው የሚሞተው።»

«የሐኪሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ነው።»

«ታዲያ በኛ አድርገሽ ጎኑ ላይ ጻፊያ፣ ልጄ። ስምንት መቀነስ አቃተሽ?»

እስክሪብቶ አነሳሁ። ስምንት ቀነስኩ። ከዚያ ግን እጄ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ከኪሴ የቄሣሮቹን ዝርዝር አወጣሁ። ጢባርዮስ በስልኬ 37 ላይ ሞተ፤ መምህሩ 29 ጻፉ። ስምንት። ቆስጠንጢኖስ 306፤ መምህሩ 298። ስምንት። የጢባርዮስ መጀመሪያ 14፤ መምህሩ 7። ሰባት። ለምን ሰባት? ስልኬን አየሁ፤ ጢባርዮስ የነገሠው የኛ ዘመን መለወጫ ካለፈ በኋላ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚቀነሰው ሰባት መሆኑን ጡረታ የሚያስከብር ሰው ሁሉ ያውቃል።

መምህሩ ሠላሳ ሰባት ጊዜ አልተሳሳቱም። መምህር ገብረየስ ቄሣሮቻቸውን ሁሉ በሀገራቸው አቆጣጠር ነበር የሚጽፏቸው። ማን ከመስከረም በፊት፣ ማን ከመስከረም በኋላ ዙፋን ላይ እንደወጣ ሳይቀር ለይተው። ይህ የሚረሳ አእምሮ ሥራ አይደለም። እኔ በየቀኑ በየቅጹ ላይ የምቀንሰውን ስምንት፣ ሟች ሲቀንሱት አላወቅኩትም፤ ስልክ አምኜ ሰው ናቅኩ።

ስለዚህ ስድስቱን «ትክክለኛ» ፖስታ እሳቸው አልጻፏቸውም። ሌላ ሰው ጽሕፈታቸውንና ፊርማቸውን አስመስሎ፣ ሐሰተኛ ሳንቲም አሽጎበት ለውጦታል። ያ ሰው ደግሞ ስድስት መሆናቸውን ያውቃል። ከእኔ በፊት ማን ስድስት አለ? ሣጥኑ በማኅተሜ ታሽጎ እያለ፣ እኔ ገና ሳልቆጥር፣ ከጥር ወዲህ አላየሁትም ያለው ማን ነው?

«ልጄ፣ ትሰጪኛለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?» አሉ መዝገብ ያዧ።

«እሄዳለሁ» አልኩ። «ወረቀቱን ግን የምፈልገው ለሌላ ነው። የብርበራ ፈቃድ።»

*

ፈቃዱን ይዤ ሆቴሉ ስደርስ አስቀድሜ ዘበኛው ጋ ቆምኩ።

«ረቡዕ የኤልናታን መኪና አልወጣችም አልከኝ።»

«አልወጣችም።»

«እሱስ?»

«እሱማ ወጣ። አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ በእግሩ፣ በሐይቁ ዳር መንገድ። ሲመሽ በባጃጅ መጣ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የጠየቅሽኝ ስለ መኪናዋ ነው።»

ልክ ነው። ሰውየውን ልሰድበው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

አዳራሹ መግቢያ ላይ ቁመቴን የሚያህል ፖስተር ተሰቅሏል፤ ሐሙስ ስገባ በአጠገቡ አልፌያለሁ። ኤልናታን ጥር ላይ ያነሳው ፎቶ ነው፤ የኔሮ ሳንቲምና ከጎኑ የኪኒን ፖስታው፣ ለጌጥ ያህል። ተጠግቼ አነበብኩ፦ «ኔሮ፤ ከ47 እስከ 60»። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ፖስታ ግን ከ54 እስከ 68 ይላል።

ኤልናታን ቢሮው ውስጥ ነበር። ኤርሚያስ በሩ ላይ ቆመ።

«እንደገና መጣሽ» አለ እየሳቀ። «ሴትዮዋ አመነች?»

«አንድ ነገር ላስተካክል ነው። ፖስተርህ ላይ የኔሮ ዘመን ስህተት ነው አይደል?»

«የሽማግሌው ስህተት ነው። ለውበት ብዬ ተውኩት።»

«ጥር ላይ 47 የጻፉ ሰው አሁን ሣጥኑ ውስጥ 54 ጽፈዋል። መርሳት የጀመረ ሰው እያደር ሲታረም አይተህ ታውቃለህ?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ዓይኑ ግን ሄደ።

«ጽሕፈታቸውን አስመስለሃል። ፊርማቸውን አስመስለሃል። ክብደቱን እንኳን እንዳለ ገልብጠሃል። ፎቶው እጅህ ላይ ነው፤ ዘመኑንም መገልበጥ ትችል ነበር። ለምን አልገለበጥከውም?»

ኤርሚያስ የኤልናታንን የካሜራ ቦርሳ ከፈተ። ከታችኛው ኪስ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ስድስት የኪኒን ፖስታዎች ወጡ። ሙጫቸው አልተነካም፤ እጥፋታቸው ላይ የመምህሩ ፊርማ አለ።

«ሳንቲሙን ብቻ አውጥተህ ወረቀቱን ብታቃጥለው ኖሮ ማን ያገኝህ ነበር?»

«ገዢው ከነወረቀቱ ነው የሚፈልገው» አለ፣ አሁንም እንደሚያስተምረኝ ሆኖ። «የሰብሳቢው የእጅ ጽሕፈት ያለበት ከሆነ ዋጋው ይጨምራል።»

«የሳቅክበት ወረቀት።»

«ስህተት ነው!» ጮኸ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ አላማረም። «ኔሮ በ54 ነው የነገሠው፤ የትም አገር! 47 ብዬ ልጽፍ ነበር? እጄ እንቢ አለኝ።»

«እጅህ ስህተት መጻፍ እንቢ አለህ፤ ሽማግሌ መግፋት ግን እሺ አለህ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሁሉን ተናገረ። ፖስታዎቹን የለወጣቸው መጋቢት ላይ ነው፤ መምህሩ ሻይ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ አሽጎ ያመጣቸውን ሐሰተኞች በእውነተኞቹ ቦታ አስቀምጦ። ረቡዕ ደውለው ጠሩት። ሻይ ቀዱለት። «ልጄ፣ መልሳቸው፤ ለማንም አልናገርም» አሉት። ተነስቶ ሲወጣ በረንዳው ጫፍ ላይ ቀድመው ቆመው መንገዱን ዘጉበት።

«እጄን ያዙኝ። ለማስለቀቅ ነው የገፋሁት» አለ። «ሦስት ደረጃ እኮ ነው።»

*

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመታሰሪያ ክፍሉን በር ራሴ ከፈትኩ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ነጠላቸውን አጥፈው ተቀምጠው ነበር። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ስለ ኤልናታን፣ ስለ ስድስቱ ፖስታዎች፣ መምህሩ ከሁሉ የሚወዷትን ጢባርዮስን ለእሳቸው የሰጡት ከለዋጩ እጅ ለማዳን እንደነበር። ጋሼ ላይ ስደርስ ብቻ ፊታቸውን አዞሩ።

«ነፃ ነዎት፣ እትዬ። መሄድ ይችላሉ።»

አልተነሱም።

«ትላንት ከቡሹሎ ሰው መጥቶ ነበር» አሉ። «የሙሽራው አባት የላኩት። ‹ሠርጉ ለጊዜው ይቆይ› ብለዋል። ፍሬሕይወት ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም።»

«ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ። ማኅተም ያለበት።»

«ሲወስዱኝ ደብዳቤ ነበር?»

ያወጣሁትን እስክሪብቶ መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

«በመኪና ነው ያመጣሽኝ፤ ሰው እያየ። በመኪና ቡሹሎ አድርሺኝ፤ ሰው እያየ። መለዮሽን አድርጊ።»

ቡሹሎ የሙሽራው ቤት ግቢ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ድንኳኑ ግማሹ ተተክሎ ግማሹ መሬት ላይ ተጠቅልሏል። ፒክአፑ ሲቆም ሁሉም ተነሱ። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ወርቅነሽ የመጡት ጋቢና ውስጥ ነው፤ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ፣ ኋላ የተቀመጠው ኤርሚያስ ነው።

የሙሽራው አባት አቶ ወንድሙ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ ተቀበሉ። በሲዳምኛ አንድ ነገር ተነጋገሩ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሰው ፊት ወንጀለኛ አጋልጬ አውቃለሁ፤ ራሴን አጋልጬ ግን አላውቅም።

«ወይዘሮ ወርቅነሽ አልሰረቁም» አልኩ። «ሟቹ አምነው በአደራ የሰጧቸውን ነው የያዙት። ወንጀለኛው ሌላ ነው፤ ተይዟል። እኔ ሳላጣራ አስሬያቸዋለሁ። ተሳስቻለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አቶ ወንድሙ ዱላቸውን አንዴ መሬት ላይ አስነኩና ወደ ቤቱ አመለከቱ።

«ባለቤቴ ጓዳ ናት» አሉ። «አልሰማችም። ድገሚው።»

መለዮዬን አወለቅኩና በእጄ ያዝኩት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር፣ ደገምኩት።

«አሁን ሰማሁ» አለ የሴት ድምፅ ከውስጥ።

አቶ ወንድሙ አግዳሚው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ። ለእኔ አልነበረም። ወይዘሮ ወርቅነሽ በአጠገቤ አልፈው ሄዱና ተቀመጡ።